ኦቲዝም ያለበት ልጃችሁ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር እንዲመሠርት እንዴት ትረዱታላችሁ?

«ቃል ያውቃል። ቀለም ይለያል፤ የእንስሳት ስም ሁሉ ይጠራል። ግን አያወራም።»

ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ደጋግመው የሚናገሩት ነው። ልጁ መጽሐፍ ላይ አንበሳውንም ቀጭኔውንም ይጠራል። ውሃ ሲጠማው ግን እጃችሁን ጎትቶ ፍሪጁ ጋ ይወስዳችኋል። ካልገባችሁ ደግሞ ይጮሃል።

ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ ግን በእኛ እጅ ያለ ነው። ስም እናስተምራለን፣ ግስ እንረሳለን። በአማርኛ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን የሚሸከመው ግሱ ነው። «ስጪኝ» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማን ለማን እንደሚሰጥ ሁሉ ውስጡ አለ። መቶ ስም ቢደረደር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አይወጣውም። ለእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች ይህን አይነግሯችሁም። እነሱ ጋ «እፈልጋለሁ» ለማለት ሁለት ቃል ያስፈልጋል፤ እኛ ጋ አንዱ ይበቃል።

ስለዚህ እዚህ የምሄደው በአማርኛ መንገድ ነው። ደረጃዎቹን በተርታ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ልጃችሁ ግን በተርታ ላይሄድ ይችላል። ካለበት ጀምሩ።

1. መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩ

«ስጠራው አይዞርም፤ የካርቱን ሙዚቃ ሲሰማ ግን ከጓዳ ሮጦ ይመጣል። ስለዚህ ይሰማል።» ይህ በቂ አይደለም። በከፊል የሚሰማ ልጅ ሙዚቃውን ሰምቶ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ሊያመልጡት ይችላሉ። ጆሮው በተደጋጋሚ የሚያመው ልጅ ከሆነ ደግሞ ምርመራው ይበልጥ አስፈላጊ ነው።

«አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» የሚለው ማጽናኛ በየቤቱ አለ። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ግን በእሱ ተማምኖ ዓመት መጠበቅ አያዋጣም። በ12 ወሩ «ባባባ» ወይም «ዳዳዳ» ካላለ፣ ወይም እንደ መጠቆም ያለ የእጅ ምልክት ከሌለው፣ በ16 ወሩ አንድ ቃል እንኳ ከሌለው፣ በ2 ዓመቱ በራሱ ሁለት ቃል ካላገናኘ ሐኪም ይየው። በማንኛውም ዕድሜ የነበረውን ቃል ካጣ ደግሞ ቀጠሮውን ለነገ አታሳድሩት። ጸበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ ምርመራው አብሮ ይሂድ።

ልጃችሁ ከ4 ዓመት በላይ ሆኖ ገና ዓረፍተ ነገር ከሌለው ደግሞ «አለፈበት» አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት በ4 ዓመታቸው ንግግራቸው በጣም የዘገየ 535 ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ተመልክቶ ነበር። 8 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሆናቸው 70 በመቶው ቃላትን አገናኝተው መናገር ጀምረዋል። 47 በመቶው አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር። ሁሉም አልተናገሩም፤ ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም። ለእነዚያም መንገድ አለ፤ ከታች እመጣበታለሁ።

2. አንድ ሳምንት ዝም ብላችሁ ጻፉ

ደብተር ወይም ስልካችሁን ያዙ። ልጁን አታስተምሩት፤ እዩት ብቻ። ሲፈልግ ምን ያደርጋል? ይጎትታል? ይጠቁማል? ያለቅሳል? ሳይፈልግስ? ይገፋል? ይሸሻል? ይነክሳል? በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚፈልገው ምንድነው? ቃል ካለው የትኛውን ቃል፣ የት፣ ለማን ይላል?

ይህን ስትጨርሱ ልጃችሁ የት እንዳለ ይታያችኋል። ቃል የለውም፣ ወይም ነጠላ ቃል አለው፣ ወይም የሰማውን ይደግማል፣ ወይም ሁለት ቃል ጀምሯል። አንዳንዱ ሁለቱን ይቀላቅላል፤ ለራሱ የሚናገረው ነጠላ ቃል ነው፣ ከቴሌቪዥን የቀዳው ግን ረጅም ዓረፍተ ነገር። ይህም የተለመደ ነው።

ደብተሩን አትጣሉት። ከሦስት ወር በኋላ «ምንም ለውጥ የለም» ስትሉ የሚመልስላችሁ እሱ ነው።

3. ከቃል በፊት መገናኘት

መሬት ላይ ተቀመጡ። ፊታችሁ ከፊቱ ትይዩ ይሁን፤ ከላይ ሆኖ የሚናገር ሰው ለእሱ እግር ብቻ ነው። መኪና ጎማ የሚያሽከረክር ከሆነ እናንተም ሌላ መኪና ይዛችሁ ጎማ አሽከርክሩ። ድምፅ ካወጣ ያንኑ ድምፅ መልሱለት። «ትክክለኛ ጨዋታ» ልታሳዩት አትቸኩሉ። ቀና ብሎ ካያችሁ፣ ወይም ቆም ብሎ የእናንተን ጎማ ካየ፣ የዛሬው ሥራ ተሠርቷል። ዓይኔን እይ ብላችሁ አገጩን አትያዙ፤ ለብዙዎቹ ዓይን ለዓይን መተያየት ራሱ ይከብዳል። እየሰማም ላያይ ይችላል።

ከጨዋታዎቻችን ሁሉ ለዚህ ሥራ እንደ ኩኩሉ የሚመች የለም። «ኩኩሉ» ሲባል «አልነጋም» የሚል መልስ አለው። መጨረሻው ደግሞ «ነጋ!» ነው። ነጠላ ወይም ጋቢ ራሳችሁ ላይ ጣሉና «ኩኩሉ…» በሉ። ከኋላ ሌላ ሰው «አልነጋም» ይበል። ደጋግሙት። በመጨረሻ «ነጋ!» ብላችሁ ጋቢውን ግለጡ። ልጁ ከለመደው በኋላ «ኩኩሉ…» ብላችሁ ዝም በሉ። ጋቢውን ከጎተተ መለሰ ማለት ነው። «ጋ!» ካለ መለሰ ማለት ነው። ንግግር የሚባለው አንዱ ሲል ሌላው የሚመልስበት ነገር ነው፤ ኩኩሉ ይህን ያለ ምንም ሰበካ ያስተምራል።

4. ዐሥር ገደማ ግስ ምረጡ

ደብተራችሁን ክፈቱ። በቀን ደጋግሞ የሚያደርገውንና የሚፈልገውን ተመልከቱ። ከዚያ ውስጥ ግሶቹን አውጡ። ለብዙ ልጆች የሚሠሩት እነዚህ ናቸው፦ ስጪኝ፣ ክፈቺ፣ አንሺኝ፣ ነይ፣ እንሂድ፣ ድገሚ፣ ግፊኝ (ዥዋዥዌ ላይ)፣ እርጂኝ፣ አለቀ፣ በቃ፣ እምቢ። «በቃ» እና «እምቢ» ሰዋስው አዋቂ ግስ ናቸው ላይል ይችላል፤ ሥራቸው ግን ያው ነው።

እዚህ የጻፍኩት ለእናት በሚባልበት መልኩ ነው። አባትየው ሲያስተምር «ስጠኝ»፣ «ክፈት»፣ «አንሳኝ» ይላል። ልጁ ለእናቱ «ስጠኝ» ቢል፣ ለአባቱ «ነይ» ቢል አታርሙት። ጠየቀ፤ ስጡት። ስትሰጡት ግን ትክክለኛውን በእርጋታ በሉለት፦ «ስጪኝ… እንካ።» ጾታው ቆይቶ ይመጣል። «እርስዎ» እና «አንቱ» ደግሞ ከሁሉም በኋላ ይደርሳሉ። አያት ይቀየሙ ይሆናል፤ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

«እምቢ»ን አትፍሩት። ብዙ ወላጅ ልጁ ይበላሻል ብሎ ይዘለዋል። መንከስና መማታት ግን ብዙ ጊዜ ቃል ያጣ እምቢታ ነው። ሾርባውን ሲገፋ «እምቢ። አልፈልግም» በሉለትና ሳህኑን አንሱት። እምቢ ማለት እንደሚሠራ ያወቀ ልጅ ሳህን መወርወር ይቀንሳል። መድኃኒት ወይም የመኪና ቀበቶ ከሆነ ግን «እምቢ አልክ፤ ሰምቻለሁ። ግን እናስራለን» ብላችሁ ታስራላችሁ። ሁሉም እምቢታ አይፈጸምም። ሁሉም ግን ይሰማል።

5. ከአንድ ወደ ሁለት፦ የሙዙ ልምምድ

ልጁ ሙዝ ይወዳል እንበል። ልጣጩን ራሱ መላጥ አይችልም። ሙዙን ሳትልጡ ስጡት። ጥቂት ያገላብጠዋል። ከዚያ መልሶ እጃችሁ ላይ ያደርገዋል፣ ወይም ቀና ብሎ ያያችኋል። ትምህርቱ ያለው እዚህች ቅጽበት ላይ ነው።

«ላጪልኝ በል!» አትበሉ። «ምንድነው የምትፈልገው?» ብላችሁም አትጠይቁ። በእሱ አፍ ሆናችሁ አንድ ጊዜ «ላጪልኝ» በሉ። ከዚያ ጠብቁ። በልባችሁ እስከ ዐሥር ቁጠሩ። ዝምታው ይጨንቃችኋል፤ ግን ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሰማውን አቀናብሮ መልስ እስኪያወጣ ጊዜ ይወስዳል። እኛ አራት ላይ ስንደርስ አላስችል ብሎን ደግመን እንናገራለን፣ እሱም እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

«ላ» ካለ፣ ከንፈሩን ካንቀሳቀሰ፣ ወይም ሙዙን ገፋ አድርጎ ካሳየ ወዲያው ላጡ፤ እየላጣችሁ «ላጪልኝ» በሉ። ምንም ካላለም ላጡለትና ቃሉን በሉ። ምግብ ማስያዣ አይሁን። «ካልተናገርክ አትበላም» የሚሉ ቤቶች አሉ። ልጁ ከዚያ የሚማረው እናቱ ስትናገር እንደሚጨነቅ ብቻ ነው።

«ላጪ» ወይም «ላጪልኝ» በራሱ ማለት ሲጀምር አንድ ቃል ጨምሩ፦ «ሙዝ ላጪልኝ»። በኋላ ብርቱካን ሲመጣ «ብርቱካን ላጪልኝ»። እንቁላል ተቀቅሎ ሲቀርብ «እንቁላል ላጪልኝ»። ግሱ ቆሞ ስሙ ይቀያየራል። ከዚያ በተራው ስሙን አቁሙና ግሱን ቀያይሩ፦ ሙዝ ላጪልኝ፣ ሙዝ ስጪኝ፣ ሙዝ አለቀ፣ ሙዝ አልፈልግም። አንድን ዓረፍተ ነገር በቃል የሸመደደ ልጅና ዓረፍተ ነገር መሥራት የጀመረ ልጅ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ደንቡ ቀላል ነው፤ ልጁ ከሚለው በአንድ ቃል ብቻ ቅደሙ። ዝም ለሚል ልጅ አንድ ቃል። አንድ ቃል ለሚል ሁለት። «ና ልጄ ሙዝ እንላጥና እንብላ ከዚያ እጃችንን እንታጠባለን እሺ?» የሚለው ለእሱ ጫጫታ ነው። ቃሉን አሳጥሩ እንጂ አትቆራርጡት፤ «ሙዝ እፈልግ» ብላችሁ አታበላሹ። አጭር ግን ትክክል ይሁን።

የአማርኛ ሌላ ጥቅም አለ። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ጀምራችሁ ስታቆሙ የሚጎድለው ራሱ ግሱ ነው። «ኳሷን…» ብላችሁ እጃችሁን ወደ ላይ አንሱና ቆዩ። «…ወርውሪ!» «በሩን…» «…ክፈቺ!» «ጫማችንን…» «…እናድርግ!» በየቀኑ አንድ ዓይነት ቃል በአንድ ዓይነት ዜማ ከተባለ ልጁ ክፍተቱን መሙላት ይጀምራል። ለመልስ እንዲጓጓ እንጂ እንዲፈተን አታድርጉት። ፊታችሁ ላይ ፈተና ካየ ይሸሻል።

6. የሚደግም ልጅ፦ «ራበህ?» ሲላችሁ

ልጁን «ውሃ ትፈልጋለህ?» ስትሉት «ውሃ ትፈልጋለህ?» ይላችኋል። ሲርበው መጥቶ «ራበህ?» ይላል። ዘመድ ይስቃል፣ ወላጅ ይደነግጣል። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የነበረው ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝምን በዝርዝር ሲገልጽ ይህንኑ መዝግቧል። ከተመለከታቸው 11 ልጆች አንዱ ገላውን መታጠብ ሲፈልግ «መታጠብ ትፈልጋለህ?» ይል ነበር።

ድሮ ይህ ድግምግሞሽ ትርጉም የሌለው ተብሎ እንዲጠፋ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ በተለይ የንግግር ባለሙያው ባሪ ፕሪዛንት ከሠራው ጥናት በኋላ፣ ብዙ ባለሙያ አመለካከቱን ቀይሯል። ልጁ ሲደግም ብዙ ጊዜ አንድ ነገር እየተናገረ ነው። ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ ተራውን ይጠብቃል፣ ራሱን ያረጋጋል። «ራበህ?» የሚለው ልጅ ዓረፍተ ነገሩን የያዘው እንደ ሰማው ነው። ሲርበው የሚሰማው ያ ነው፤ ስለዚህ ሲርበው ያንን ይላል። ከአመክንዮ አንጻር አልተሳሳተም።

አማርኛ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በእንግሊዝኛ የሚቀየረው «እኔ» እና «አንተ» የሚል ለብቻው የቆመ ቃል ነው። በእኛ ግን የግሱ ጭራ ነው የሚቀየረው፦ ራበህ፣ ራበኝ፣ ራበሽ፣ ራበው። ጭራዋ ትንሽ ናት፣ ድምፅዋም ደካማ ነው፤ ታመልጠዋለች። «እኔ በል እንጂ!» ማለት አይጠቅምም።

የሚጠቅመው ጥያቄን መቀነስ ነው። «ራበህ?» ከማለት የእሱን እጅ ደረቱ ላይ አድርጋችሁ «ራበኝ» በሉ፣ ምግቡንም አቅርቡ። ሲንቀጠቀጥ «በረደኝ»፣ ሹራቡ ይመጣል። ወድቆ ጉልበቱን ሲይዝ «አመመኝ»፣ እናንተም ትስሙታላችሁ። «ጠማኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ደስ አለኝ» ሁሉም እንዲሁ። ቃሉን ከስሜቱ ጋር በሰዓቱ ካገኘው እንደ ሰማው ይወስደዋል፤ ሲደግመው ደግሞ ትክክል ይሆናል። መደጋገሙን ራሱን አሠራችሁት ማለት ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ሁለት አዋቂ ይፈልጋል። እራት ላይ አባት እናትን «ራበሽ?» ይበላት። እናት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አዎ፣ ራበኝ» ትበልና ትጉረስ። ከዚያ ታላቅ እህት በተራዋ። ልጁን አትጠይቁት። ከጎን ሆኖ ይይ። «ራበሽ» የሚጠይቀው፣ «ራበኝ» የሚመልሰው መሆኑ የሚታየው እንዲህ ሲሆን ነው። እሱን ብቻ እያዋራችሁ ብትኖሩ «ራበኝ»ን መቼም አይሰማውም።

ረጃጅም ቅጂዎችም አሉ። በየዩቲዩቡ «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ» የሚለውን የለመደ ልጅ፣ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ፣ ምግብ ሲጨርስ፣ እንግዳ ሲሄድ እሱኑ ይላል። ፍቺው ግልጽ ነው፦ አለቀ፣ ደህና ሁኑ ማለቱ ነው። አትሳቁበት፣ አትቆጡትም። «አለቀ! ቻው!» ብላችሁ ተቀበሉት። በየጊዜው ይህን ሲሰማ አጭሯን ይመርጣል።

ከቅጂው ውስጥ ደግሞ ተነቅሎ የሚሠራ ካለ ንቀሉለት። «ወደ ውጭ እንሂድ» እንደ አንድ ረጅም ቃል የሚል ልጅ ከሆነ፣ «ሱቅ እንሂድ»፣ «አያት ጋ እንሂድ»፣ «ወደ ውጭ እንሩጥ» እያላችሁ በየአጋጣሚው አሰሙት። አንድ ቀን እናንተ ያላላችሁትን አጣምሮ ያመጣል። «አልጋ እንሂድ» ሲላችሁ ያ የራሱ ዓረፍተ ነገር ነው። በሰዋስው ቢንገዳገድም አታርሙ፤ አልጋ ሂዱ።

7. ሦስት ቃልና ከዚያ በላይ

እዚህ ሥዕል ይረዳል። ማን፣ ምን፣ ምን አደረገ በሚል ቅደም ተከተል ሦስት ካርድ ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሩ። ለ«ማን» ቢጫ፣ ለ«ምን» አረንጓዴ፣ ለ«ምን አደረገ» ቀይ ጠርዝ ብታደርጉ ቦታቸውን ቶሎ ይይዛል። ሥዕሎቹ የማያውቃቸው የመጽሐፍ ልጆች ከሚሆኑ የቤተሰቡ ፎቶ ይሁኑ። «ማሚ ዳቦ ቆረሰች።» «አባቢ መኪና ነዳ።» «ሚሚ ኳስ ወረወረች።» ቀዩን ካርድ መጨረሻ ላይ ለእሱ ተዉለት። ከኢንተርኔት የሚወርዱ ዝግጁ ካርዶች ግን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ቅደም ተከተል የተሠሩ ናቸው፤ ግሱ መሃል ይገባል። እንዳለ ከተጠቀማችሁ ልጁ «ማሚ ቆረሰች ዳቦ» ብሎ ይለምዳል። ቆርጣችሁ አስተካክሉ።

«እኔ ውሃ እፈልጋለሁ» እንዲል አታስገድዱት። ቤት ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው የለም። «ውሃ እፈልጋለሁ» ሙሉ ነው፤ «ውሃ ስጪኝ» ደግሞ ከሁሉም የበለጠ የሰው ወሬ ይመስላል። እንደ ዕድሜ እኩዮቹ እንዲያወራ ነው የምንፈልገው፣ እንደ ማስታወቂያ አንባቢ አይደለም።

የሚጨመረው በዚህ መልክ ቢመጣ ይቀላል። መጀመሪያ አሉታ፦ «አልፈልግም»፣ «የለም»፣ «አልጨረስኩም»። ከዚያ ገላጭ፦ «ትልቁን ስጪኝ»፣ «ቀዩን እፈልጋለሁ»። «ን» የምትባለው ድምፅ በዚህ በኩል በራሷ ትገባለች፤ ለብቻዋ ማስተማር አያስፈልግም። ከዚያ ቦታ፦ «ላይ»፣ «ውስጥ»፣ «ጋ»። ይህ እቃ እየደበቁ ይለመዳል። ያለፈ ጊዜ ደግሞ ማታ ማታ፦ በስልካችሁ የቀኑን ሦስት ፎቶ አሳዩትና «ሱቅ ሄድን። ዳቦ ገዛን። ዝናብ መጣ» በሉ። «ዛሬ ምን ሠራህ?» ብሎ ከመጠየቅ ይህ ሺህ ጊዜ ይሻላል። ፎቶ የሌለው ትዝታ ለብዙዎቹ ባዶ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ መመለስም ቅደም ተከተል አለው። «ምን» እና «የት» ይቀድማሉ፣ «ማን» ይከተላል። «ለምን» እና «እንዴት» በጣም ይዘገያሉ። «ለምን መታኸው?» ተብሎ ዝም የሚል ልጅ እምቢተኛ ላይሆን ይችላል፤ ጥያቄው ራሱ ገና አልደረሰበትም።

ፊደል የሚወድ ልጅ ካላችሁ ተጠቀሙበት። ሳይናገሩ ማንበብ የሚጀምሩ አሉ። የእኛ ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ስለሆነ «ው-ሃ»፣ «ዳ-ቦ» ብሎ ቆራርጦ ማሳየት ቀላል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የኦቲዝም ማዕከል ያቋቋሙት ዘሚ የኑስ ልጃቸውን ለማናገር «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለውን ዘዴ የፈጠሩት ከዚሁ ከፊደላችን ተነስተው ነው። ቃሉን በትልቁ ጽፋችሁ ከእቃው ላይ ለጥፉ። ግሱንም አትርሱ፤ በሩ ላይ «በር» ብቻ ሳይሆን «ክፈት» ይለጠፍ።

8. ድምፅ ባይመጣስ?

የማይናገር ልጅም ዓረፍተ ነገር ሊሠራ ይችላል። በሥዕል ካርድ፣ በምልክት፣ በታብሌት። ሥዕል በመለዋወጥ የሚግባቡበት ፔክስ የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ዴላዌር ውስጥ በአንዲ ቦንዲና በሎሪ ፍሮስት የተጀመረ ነው። ልጁ የሚፈልገውን ነገር ሥዕል አንስቶ እጃችሁ ላይ ያደርጋል፤ እናንተም ወዲያው ትሰጡታላችሁ። ቆይቶ ሁለት ሥዕል አንድ ላይ ለጥፎ ይሰጣችኋል። ዓረፍተ ነገር ተሠራ።

«ካርድ ከለመደ መናገር ይተዋል» የሚለው ስጋት የሁሉም ወላጅ ነው። ጥናት የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ግምገማ የዕድገት እክል ያለባቸው 27 ሰዎችን መረጃ ለይቶ ሲያይ፣ በእነዚህ መንገዶች ምክንያት ንግግሩ የቀነሰ አንድም አላገኘም። አብዛኞቹ ጨምረዋል። ታብሌት ከተጠቀማችሁና ጥሩ የአማርኛ ድምፅ ከሌለው የራሳችሁን ድምፅ ቅዱበት። ለወንድ ልጅ የወንድም ወይም የአጎት ልጅ ድምፅ ይሻላል። ያ ታብሌት ደግሞ ለካርቱን አይሁን፤ አፉ ነውና አይወሰድበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሌላ ሰው የልጁን እጅ ይዞ ወይም ደግፎ ፊደል እያስጠቆመ «ልጁ ይህን አለ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ራቁ። ይህ አካሄድ በተደጋጋሚ ተፈትኖ ቃሉ የደጋፊው እንጂ የልጁ እንዳልሆነ ታይቷል።

9. በቀናችሁ ውስጥ ሽጉጡት

ለብቻው «የትምህርት ሰዓት» ከማዘጋጀት በየቀኑ በማይቀረው ሥራ ውስጥ ማስገባት ይቀላል። ቡና ሲፈላ ለምሳሌ ቅደም ተከተሉ አይቀየርም። ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ ይቀዳል። ጭሱና ሽታው ራሱ ትኩረት ይስባል፤ ሽታ የሚረብሸው ልጅ ከሆነ ግን ይህን ተዉትና ዳቦ ወይም ገላ መታጠብ ምረጡ። ከእሳቱ ራቅ አድርጉት፣ ሙቀጫውን ስጡት። «ቡናውን… እንውቀጥ!» «ስኳር… ጨምሪ!» «ሲኒ… አምጣ!» ሦስት ግስ፣ በየቀኑ፣ በዚያው ቦታ። አጭር ጊዜ በቀን ደጋግሞ ከአንድ ረጅም ሰዓት ይበልጣል።

ቤት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀም። ሠራተኛዋ «ቧ» እያለች፣ እናት «ውሃ»፣ ታላቅ ወንድም ደግሞ «ዋተር» እያለ ከሆነ ልጁ ሦስት ነገር ነው የሚማረው። ዐሥሩን ግሶች ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉ። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ለጋሼ ቁጠርላቸው» የሚለው ትርኢት ይቅር። «አመሰግናለሁ በል» የሚለውም ይቆይ፤ ፈልጎ ያልተናገረው ቃል አይሰነብትም።

ስለ ስልክ ብዙ ተብሏል። እኔ የምለው አንድ ነው፦ ስልክ ቃል ያስተምራል፣ መልስ ግን አይጠብቅም። ካያችሁ አብራችሁት እዩ፤ አቁሙና «ወደቀ!» በሉ።

10. ውጭ አገር ያላችሁ

«በእንግሊዝኛ ብቻ አውሩት፤ ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል» የተባላችሁ ብዙ ናችሁ። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ንግግር እንደሚጎዳ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የሚጎዳው በማትችሉት ቋንቋ ተኮላትፋችሁ ስታወሩት ነው፤ አጭር፣ ደረቅና ስሜት የሌለው ወሬ ይሆናል። በአማርኛ የምትቆጡ፣ የምትስቁና የምታባብሉ ከሆነ በአማርኛ አውሩት። ትምህርት ቤት የሚማራቸውን ዋና ዋና ቃላት ከአስተማሪዋ ተቀበሉና በአማርኛ አቻቸውን ቤት አስለምዱ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ልጁ 3 ዓመት ሳይሞላው በክፍለ ግዛታችሁ የቅድመ ጣልቃ ገብነት አገልግሎት (Early Intervention)፣ ከ3 ዓመት በኋላ ደግሞ በአካባቢያችሁ የትምህርት ቤት አስተዳደር በኩል ነጻ ግምገማ መጠየቅ ትችላላችሁ። አስተርጓሚ መጠየቅም አታፍሩ።

11. መቼና የት እርዳታ ይጠየቃል?

አዲስ አበባ ውስጥ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቋቋሙት ኒያ ፋውንዴሽን ሥር ያለው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ። በወላጆች ጥረት የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ሥልጠናም ኢትዮጵያ ውስጥ ተሞክሯል። ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች የተዘጋጀ ሲሆን 9 የቡድን ክፍለ ጊዜና 3 የቤት ጉብኝት አለው። ከሐኪማችሁ ጠይቁ። የስፒች ቴራፒስት (የንግግር ሕክምና ባለሙያ) ቁጥር ጥቂት ስለሆነ በወር አንዴ ብቻ ቀጠሮ ልታገኙ ትችላላችሁ። ያን ቀን ባለሙያው ልጁን ብቻውን እንዲያሠራ አታድርጉ፤ ክፍሉ ውስጥ ግቡ፣ እናንተ ስታሠሩት እንዲያይና እንዲያርማችሁ ጠይቁ። ሙዝ ይዛችሁ ሂዱ። ደብተራችሁንም።

አንድ ዘዴ ለሦስት ወር በትክክል ተሠርቶ ደብተራችሁ ላይ ምንም ካልጨመረ ዘዴውን ቀይሩ። ልጁ የነበረውን ቃል ማጣት ከጀመረ፣ ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ መቅረት ካመጣ፣ ወይም መዋጥና ማኘክ እያስቸገረው ከመጣ ግን የቤት ልምምዱን አቁማችሁ በቀጥታ ወደ ሕፃናት ነርቭ ሐኪም ውሰዱት።